የጊዮርጊስ ብስክሌት

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ብስክሌቱን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ትቶልኝ ስል ሰጠኝ ማለቴ አይደለም። «በሳምንት አንዴ ንጂው» ነው ያለኝ፤ «ቆሞ የከረመ ጎማ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስመለስ ደርቆ ባገኘው አንቺን አያርገኝ!» ለእናታችን ምን እንዳላት አላውቅም፤ ለእኔ የመጨረሻ ቃሉ ስለ ጎማ ነበር። በጣም ተናደድኩ። ሰው ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ ለእህቱ ሌላ የሚለው ነገር ያጣል?

ብስክሌቱ ግን የሚያናድድ አልነበረም። የአንድ አሮጌ የጣሊያን ብስክሌት አጥንቱን ብቻ አግኝቶ፣ ቸርኬውን ከአንዱ፣ ማርሹን ከሌላው ጎሚስታ እየለቃቀመ ወንድሜ ራሱ የገጣጠመው ነው። የግቢያችን በር ሲቀባ በተረፈው ሰማያዊ ቀለም ስለቀባው፣ በሩን ተደግፎ ሲቆም አይታይም ነበር። እሑድ እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ሰንዳፋ ደርሶ ይመለሳል፤ ሲገባ ፊቱ አቧራ ለብሶ ጥርሱ ብቻ ይታያል። ከእናታችን ቀጥሎ የሚወደው ብስክሌቱን ነበር። እኔ ስንተኛ እንደሆንኩ ጠይቄው አላውቅም።

እኔንም መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ያኔ ቦሌ ዛሬ የምታውቁት ቦሌ አይደለም፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ከሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር ቪላዎች ነበሩ፤ ከቪላዎቹ ጀርባ ግን ከብት ይግጥ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ያስነዳኛል። «አትልቀቀኝ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ «ይዤሻለሁ» ይላል፤ ዞር ብዬ ሳይ ድሮ ለቆኛል። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ ጉልበቴ ይመስክር።

እሱ ከሄደ በኋላ መጀመሪያ ሰሞን ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፌ ጎማውን በእጄ አሽከረክር ነበር። ነዳሁት ለማለት ያህል። ኋላ ግን አላስቻለኝም። የእሱን አሮጌ ሱሪ አሳጥሬ ለበስኩና በማለዳ ወጣሁ። የሠፈሩ ሴቶች ጉድ አሉ። አንዷማ በሯ ላይ ቆማ፣ «ይቺ ልጅ እንዲህ እየሆነች ባልም አታገኝ!» ስትል ሰማሁ። «ባል በእግር ነው እንዴ የሚፈለገው?» ብያት አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋን ከለከለችኝ፤ አልከበደኝም።

ነዳጅ በራሽን ነበር። እሑድ እሑድ የቤት መኪናዎች በሰሌዳ ቁጥራቸው ሙሉና ጎዶሎ እየተባሉ በተራ ነው የሚወጡት። ስለዚህ እሑድ አስፋልቱ ጭር ይላል፤ ጭር ያለው አስፋልት ደግሞ የእኔ ነበር። በሃያ ሁለት አድርጌ፣ መገናኛን አልፌ፣ የኮተቤን ዳገት እስከምችለው እወጣለሁ። መጀመሪያ እኩሌታው ላይ ወርጄ እገፋለሁ። ወንድሜ አንድ ጊዜ «ዳገት ላይ ጫፉን አትዪ፤ የፊት ጎማሽን ብቻ እዪ። ነፋስ ሲመጣብሽ አትጣዪው፤ ጎንበስ በዪለት» ያለኝን አስታውሼ እንደዚያ ማድረግ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ሳላስበው ጫፉ ላይ ደረስኩ፤ ለገጣፎ ወዲያ ማዶ፣ ሜዳውም ከለገጣፎ ወዲያ ተዘርግቶ ታየኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ይህን የማወራው ለማን ነው ብዬ አለቀስኩ።

የወንድሜ ደብዳቤ ከተቋረጠ ብዙ ወራት ሆኖ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ሁላችንም ሥራ እናገኛለን፤ ማንም ቆሞ ማዳመጥ አይፈልግም፣ ማንም ሳይሰማ ማለፍ አይፈልግም። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ተናገረች።

«ልጄን ካመጣልኝ ብስክሌቱን ላስገባለት ለጊዮርጊስ ተስያለሁ» አለች።

ጊዮርጊስ ያለችው የተጠመቀችበትን፣ ከሸኖ ወዲያ ያለውን የአገሯን ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው ጃንጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ በግ ይሳላል። ብስክሌት የተሳለ ሰው ከእናቴ በፊትም ከእናቴ በኋላም አልሰማሁም።

«እማዬ! ብስክሌቱ ያንቺ አይደለም'ኮ!» አልኳት።

«ልጁስ የማን ነው?» አለችኝ። «ስለት ከሚወዱት ነው። እሱ ከዚያ የሚበልጥ ምን አለው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስለት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተበላሸ። ወንድሜ ይምጣልኝ ስል ብስክሌቱ ይሂድ ማለቴ ነው። ብስክሌቱ ይቅርልኝ ማለትን ደግሞ አፌ እንኳ አይደፍረውም። ኮተቤ ዳገት ላይ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ከጊዮርጊስ ጋር እደራደር ነበር፤ ጫማዬን ውሰድ፣ ፀጉሬን ውሰድ፣ የፋሲካ ቀሚሴን ውሰድ እለዋለሁ። አንድም ቀን አልመለሰልኝም። እኔም በየሳምንቱ መንዳቴን አልተውኩም፤ ጎማው አደራ ነዋ።

ወንድሜ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በጭቃው ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ከእናቴ በፊት ያየችው ያቺ ሰላምታ የከለከለችኝ ጎረቤት ነበረች፤ እልልታዋ እስከ አትላስ ሠፈር ሳይሰማ አልቀረም። ስወጣ የሰፋው ካፖርት ለብሶ፣ ምርኩዝ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ቀኝ ጉልበቱ አይታጠፍም። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች፤ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ወንድሜ እያንዳንዳችንን ሳመን። ለመሳም ያህል ሳመን እንጂ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር።

በቀጣዮቹ ሳምንታት የምንፈራው እግሩን አልነበረም፤ ዝምታውን ነው። በረንዳው ላይ ጀርባውን ለግቢው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይውላል። የሰጡትን ይበላል፤ የጠየቁትን «እሺ» ይላል። ጓደኞቹ ሲመጡ ተኝቷል በሉ ይለናል። ብስክሌቱ ያለበትን ክፍል በር ሲያልፍ አንገቱን አያዞርም። እናቴ በድብቅ ታለቅሳለች፤ እኔ በግልጽ እነጫነጫለሁ። ልጁ መጥቷል፤ ወንድሜ ግን ገና መንገድ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

የኅዳር ጊዮርጊስ ሲቃረብ እናቴ ራት ላይ ስለቱን አነሳች። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቅ የኖረ ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥም እንደ ደብዳቤ ነው የሚናገረው።

«ጉዳዩ ይጣራ» አለ። «ስለቱ ልጁ እንደሄደ እንዲመለስ ነበር። ልጁ ጉልበቱን ትቶ ነው የመጣው። በጊዮርጊስ በኩል የተፈጸመው በከፊል ነው። ስለዚህ በእኛ በኩል…»

«በከፊል?» አለች እናቴ። «ልጄ በከፊል ነው የመጣው ነው የምትለው?»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ አባቴ እንዲረታ ነበር የምፈልገው። ግን ያን ቃል እናቴ መልሳ ስትለው ቤቱ ቀዘቀዘብኝ። የበረንዳው በር ላይ ወንድሜ ቆሞ ኖሯል።

«ስጡት» አለ። ከመጣ ጀምሮ ከ«እሺ»ና ከ«ተኝቷል በሉ» ሌላ በራሱ ፈቃድ የተናገረው ይህን ነው። ምርኩዙን እየተመረኮዘ ወደ ክፍሉ ሄደና በሩን ከፈተው። ሁላችንም ተከተልን። ጎንበስ ብሎ፣ ያልታጠፈ እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ፣ የፊቱን ጎማ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ቀጥሎም የኋላውን።

«አልደረቀም» አለ።

«ምን መስሎህ ነው?» አልኩት። ሌላ ነገር ማለት ፈልጌ ነበር፤ የወጣልኝ ይኸው ነው።

«ስጡት፤ ግን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንደ በግ ታስሮ አይሄድም። እሷ ትንዳው።»

አባቴ ሴት ልጅ ብቻዋን በዚያ ሁሉ አገር እንዴት ትሄዳለች ብሎ ጮኸ። ወንድሜ «ማን ይደርስባታል?» አለ። አባቴ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም፤ በማግስቱ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣልኝ።

እነሱ በዋዜማው በአውቶቡስ ሄዱ። እኔ በበዓሉ ዕለት ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወጣሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ኮተቤን ሳልወርድ ወጣሁት። የየካ ባሕር ዛፍ በግራዬ ገና ጨለማ ነበር፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይመጣሉ፤ አንዷ ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ «አንቺ! ወዴት ነው ይህን ያህል?» አለችኝ። ስመልስላት አልፌያታለሁ።

ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር አስቆመኝ። ወረቀቴን አየና ብስክሌቱን አየ።

«ወዴት?»

«ከሸኖ ወዲያ።»

«በዚህ?»

«በዚህ። ለጊዮርጊስ ላስረክበው ነው። እናቴ ወንድሜ እንዲመለስላት ተስላ፣ ተመለሰላት።»

የሚስቅ መስሎኝ ለመልስ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀም። ወረቀቴን አጣጥፎ ሰጠኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔንም ለእናቴ ያብቃኝ በይልኝ» አለኝ።

«ማን ልበለው?»

«ኬላው ላይ የቆመው በይው፤ እሱ ያውቀኛል።»

ከለገጣፎ ወዲያ ሰማዩ ተከፈተ። ኅዳር ነውና ጤፉ ነጥቷል፣ ስንዴው ቢጫ ሆኗል፤ በዓል ስለሆነ አጫጅ የለም፣ ነዶው ብቻውን ቆሟል። ከየመንደሩ ነጫጭ የለበሱ ሰዎች በየሸንተረሩ ወደየአጥቢያቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ እኔን ሲያይ ያማትባል፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰንዳፋን ሳልፍ፣ ወንድሜ ይመለስበት የነበረውን ቦታ አለፍኩት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እሱም ያየው በወታደር መኪና ላይ ተጭኖ ነው።

አለልቱ ሳልደርስ እሱን የጫነው ዓይነት መኪናዎች ተሰልፈው ደረሱብኝ። ወታደር የጫኑ ናቸው፤ ወደ ሰሜን ነው የሚሄዱት። ከመንገዱ ወጥቼ ቆምኩ። ከላይ ሆነው «በርቺ እህቴ! አይዞሽ!» አሉኝ። ወዴት እንደሚሄዱ እነሱ እያወቁ፣ አይዞሽ የሚባለው ለእኔ ሆነ! «አይዟችሁ!» ብዬ ጮህኩ፤ ድምፄ በሞተሩ ተዋጠ። አቧራው እስኪረግፍ ቆሜ አለቀስኩና አፍንጫዬን ጠርጌ ቀጠልኩ።

ከአለልቱ በኋላ አገሩ ሌላ ነው። ጤፉ ይቀርና ገብስ ይመጣል፤ ጥቁሩ የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ ቤቶቹ የድንጋይ ካብ ይሆናሉ፤ ሰዉ ጥቁር በርኖስ ይደርባል። ነፋሱ ከፊት ነው፤ ጠላት እንኳ እንዲህ አይገፋም። ጎንበስ አልኩለት። ከሸኖ በፊት ያለው ዳገት ላይ ጎማዬን ብቻ እያየሁ፣ እያየሁ፣ ከእኩሌታው በኋላ ተሸነፍኩና ወርጄ ገፋሁ። ጊዮርጊስ ራሱ ቢሆን ለፈረሱ አዝኖ ይወርድ ነበር ብዬ ተጽናናሁ። ከላዩ ስደርስ በስተምሥራቅ ተራሮቹ ሰማያዊ ሆነው እርስ በርስ ተደራርበው ታዩኝ። ረሃብም ድካምም ጠፋብኝ። ነገ ይህን ብስክሌት እንደማልነዳ ትዝ ያለኝ ቁልቁለቱን ስወርድ ነው፤ ስለዚህ ፍሬን ሳልይዝ ወረድኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ገባ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። እናቴ ከቅጥሩ በር ውጭ ቀሚስ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ ሱሪ ለብሼ እንደማልገባ ታውቃለች። ከሱሪው በላይ አጠለቀችብኝና ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችው። በሩን ተሳለምኩ። መጀመሪያ የነገርኩት የኬላውን ልጅ ነው፤ አደራ ስለሆነ። ደረሰ አልደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን ነግሬዋለሁ።

በዚያ አገር ልማድ የስለት ዕቃ ከቅዳሴ በኋላ ለጨረታ ይወጣል፤ የገዛው ሰው በረከት ብሎ ይወስደዋል። ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁት ሽማግሌ ቄስ፣ አንድ ጃንጥላ ሸጡ፣ አንድ መጋረጃ ሸጡ፣ አንድ እምቢተኛ ጠቦት ሸጡ። ከዚያ ወደ ብስክሌቱ መጡና ዙሪያውን ዞሩት።

«ይህስ?»

«ብስክሌት ነው አባቴ» አለች እናቴ።

«መሆኑንስ አይቼዋለሁ። ጊዮርጊስ'ኮ ፈረስ አለው።»

ሕዝቡ ሳቀ። አንዱ «ያርሳል ወይ?» አለ። ሌላው «ድርቆሽ አይበላም፤ አንድ ደግነቱ እሱ ነው» አለ። ሳቁ እንደገና ተነሳ። የሚገዛ ግን አልተገኘም። ማን ይግዛው? እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ጆሮዋ ቀልቷል። አባቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አልኩ። «ወንድሜ ከዚህ የሚበልጥ የሚወደው ነገር የለውም። በግ ቢወድ በግ እናመጣ ነበር!»

ቄሰ ገበዙ እኔን ትተው ወንድሜን አዩት፤ ምርኩዙን፣ ከዚያም እግሩን።

«ያንተ ነው ልጄ?»

«የእኔ ነበር አባቴ። አሁን የጊዮርጊስ ነው።»

«ወደህ ነው የምትሰጠው?»

«ወድጄ ነው። ግን እዚህ ቆሞ ከከረመ ጎማው ይደርቃል።» ይህን ሲል እኔን አየኝ። «እሷ አታደርቀውም።»

ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን እያሻሹ ብስክሌቱን ደግመው ዞሩት። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አሉ በመጨረሻ። «ይህም የጊዮርጊስ ፈረስ ከሆነ ሥራው ማድረስ ነው። መኪናው ሁሉ ወታደር ጭኖ፣ ጧፍና ዘቢብ የሚያመጣልን አጥተናል። ልጅቷ በወሩ በሃያ ሦስት ይዛልን ትምጣ፤ ፈረሱንም ይዛ ትመለስ። ፈረሱ የጊዮርጊስ ነው፤ ልጓሙ በእሷ እጅ ይሁን።» ሽማግሌዎቹ «ይሁን!» አሉ። ቅድም ድርቆሽ ያለው ሰውዬ ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብሎ አለ።

ደስታዬን እንዴት ልናገረው? የቄሰ ገበዙን መስቀል ተሳለምኩ፣ እጃቸውን ተሳለምኩ፣ ሳላስበው የብስክሌቱንም መሪ ሳምኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሃያ ሦስቶችን ሄጃለሁ፤ በጭቃም በውርጭም፤ ኬላ ላይ «የማን ነው?» ሲሉኝ «የጊዮርጊስ» እያልኩ።

የዚያን ቀን ግን ወደ ቤት ከመነሳታችን በፊት፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ወንድሜ ምርኩዙን ለአባቴ ሰጠ።

«አንዴ ልቀመጥበት» አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ አውድማው ድረስ ያለው ሣር ቁልቁለት ነው። ኮርቻው ላይ አወጣነው። የማይታጠፈው እግሩ ወደ ፊት ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በግራው ፔዳሉን ረገጠ። ኮርቻውን ከኋላ ይዤ መሮጥ ጀመርኩ። «ሌላ ቦታ አትይ፤ የፊት ጎማህን እይ!» እላለሁ፤ ትንፋሼ ያጥረኛል፤ ቀሚሴ ሱሪዬ ላይ ይጠመጠማል።

«ልቀቂኝ!» አለ።

«እወድቃለሁ ብለህ አትፈራም?»

«ልቀቂኝ አልኩሽ!»

ለቀቅኩት። ቁልቁል ሄደ። ጋቢው ከኋላው ተነሳ፣ እግሩ እንደተዘረጋ፣ ሰው ግራና ቀኝ እየሸሸለት። አንዲት ዶሮ ከፊቱ እየጮኸች ሸሸች፤ አውድማው ጫፍ ላይ የገብሱ ጭድ ክምር ውስጥ ከነብስክሌቱ ገባ። አባቴ ጮኸ። እኔ ሮጥኩ። ጭዱ ተናወጠ፣ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ከውስጡ ሳቅ መጣ፤ ያ የድሮው፣ አቧራ ለብሶ ከሰንዳፋ ሲመለስ በሩ ላይ የሚስቀው ሳቅ። ጭድ ከፀጉሩ እያራገፈ ቀና ሲል ጥርሱ ብቻ ይታያል።

ዞር ብዬ ወደ ላይ አየሁ። እናቴ በሩ ላይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። እልል አላለችም። ለአባቴ ነው ቀስ ብላ የነገረችው፤ እሱ ነው ኋላ የነገረኝ።

«ይኸው» አለችው፤ «አሁን መጣ።»